«ፖምፓው ነው» ከማለታችን በፊት

(ይህ ጽሑፍ በአቃቂና በቱሉ ዲምቱ መካከል ባለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ፣ ለትራክተር ባለቤቶችና ሹፌሮች ያደረግኩት ንግግር ነው። ስናገር የደጋገምኩትን ቀንሻለሁ። ቀልዱን ግን አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ልጀምር። ትራክተራችሁ ማቆራረጥ ሲጀምር፣ ሞተሩ ሚስ ሲያደርግ፣ መጀመሪያ የምትሰሙት ቃል ምንድነው?

አዎ። «ፖምፓው ነው።» ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከውን ማለታቸው ነው። ሹፌሩ ይላል። ጎረቤት ይላል። ድንች ተሸክሞ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ቆም ብሎ ሰምቶ «ፖምፓው ነው» ብሎ ይሄዳል። እኔም ለዓመታት ብያለሁ። ዛሬ የመጣሁት ይህ ቃል ቶሎ ከአፋችን እንዳይወጣ ለመለመን ነው።

ፖምፓ ማሠራት ስንት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከዋጋው በላይ የሚያመው ደግሞ ጊዜው ነው። የዚህን አካባቢ መረሬ አፈር ታውቁታላችሁ። ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ሲርስ ጎማ ይዞ አይለቅም። በሁለቱ መካከል ያለችው የእርሻ ጊዜ አጭር ናት። በእሷ ጊዜ ትራክተሩ ፖምፓው ወርዶ ሁለት ሳምንት የቆመበት ሰው፣ ዘንድሮ የሚያርሰው በበሬ ነው። በሬውን ለፖምፓው ካልሸጠ።

በሬ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት ነው። ወደ ዱከም መውጫ ላይ ለአንድ ባለ ሦስት ሲሊንደር ማሲ ፈርጉሰን ጠሩኝ። ጠዋት ሲነሳ ጤነኛ ነው። ማረሻው መሬት ከገባ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ደህና ይሠራል። ከዚያ ማቆራረጥ ይጀምራል። ዱግ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱ... ጸጥ። ትንሽ አርፎ ሲያስነሱት ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ሰማሁት። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አንድ ጊዜ ዞርኩት። ከዚያ እንደ ትልቅ ባለሙያ «ፖምፓው ነው» አልኩ።

አወረድነው። ከተማ ሄዶ አንድ ፖምፓ ቤት ተሠራ። ባለቤቱ ጋሼ ለዚያ አንድ በሬ ሸጡ። በሦስተኛው ሳምንት መልሰን ገጠምነው። ተነሳ። ሰው ተሰብስቦ ነበር፣ ተጨበጨበ። በሃያኛው ደቂቃ፣ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱ... ጸጥ።

ጋሼ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እሱ ነው የባሰኝ።

መድኃኒቱን ያገኘው ረዳታቸው ነው፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። ከታንኩ የሚወጣውን የናፍጣ ቱቦ ፈታና በአፉ ወደ ኋላ ነፋበት። ታንኩ ውስጥ ጉል ጉል ሲል ሰማን። መልሶ አሰረው። ሞተሩ ተነሳ። ታንኩን ስናራግፈው ከውስጥ መዳፍ የምታክል የፌስታል ቁራጭ ወጣች። የጀሪካን ክዳን እንዳያፈስ ፌስታል ጣል አድርገን አይደል የምንዘጋው? እሷ ናት። ናፍጣው ሲሳብ ቀስ ብላ ትመጣና መውጫው ላይ ትለጠፋለች። ሞተሩ ሲጠፋ ስበቱ ስለሚቀር ተላቃ ትንሳፈፋለች። ሃያ ደቂቃዋ ይህቺ ነበረች።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ናፍጣም ከታንኩ ነው የሚጀመረው። (ቱቦውን ግን በአፋችሁ አትንፉ። ልጁ ሲያስመልሰው ውሏል። የብስክሌት መንፊያ ይበቃል።)

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። እዚህ በር ላይ ከቆሙት ብዙዎቹ ማሲ ፈርጉሰን 135 እና ዘመዶቹ ናቸው። 135 በእንግሊዝ አገር የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 ነው። ታናሹ እንኳ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እዚህ ከተቀመጡት ከብዙዎቹ ሹፌሮች ስለሚበልጥ በአንቱታ ብንጠራው አይበዛበትም። የናፍጣው ሞተር ፐርኪንስ 3.152 ይባላል። ሦስቱ የሲሊንደሩ ብዛት ነው። 152ቱ የሞተሩ ይዘት በኩቢክ ኢንች ነው፤ በሊትር ሲሆን 2.5 ይመጣል። ባለ አራት ሲሊንደሩ 4.236ም በዚሁ ሂሳብ ይነበባል። ይህን የምነግራችሁ መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ «የማሲ» ብቻ ብላችሁ እንዳትቆሙ ነው።

ናፍጣ ሞተር እሳት የሚለኩስ ካንዴላ የለውም። ስለ ሚስ በስልካችሁ የምታዩት ቪዲዮ ግማሹ ስለ ካንዴላና ስለ ኮይል ነው፤ እሱ የቤንዚን ወሬ ነው። እዚህ እሳቱን የሚሰጠው አየሩ ራሱ ነው። ፒስተኑ አየሩን ከ16 እስከ 20 እጥፍ ይጨምቀዋል። የተጨመቀ አየር ይግላል። በጋለው አየር ላይ ኖዝሉ ናፍጣውን እንደ ጉም ይረጫል፣ ይቀጣጠላል። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር ዝም ካለ ከሦስት አንዱ ጎድሎበታል። ወይ አየሩ በደንብ አልተጨመቀም። ወይ ናፍጣው አልደረሰም። ወይ ደርሶ ተንጠባጠበ እንጂ አልተረጨም።

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር አትርሱ። አዲስ አበባ ዙሪያ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ አየር ጠግቦ የሚሠራ ሞተር፣ እዚህ ሲደርስ ሦስት ሩቡን ብቻ ነው የሚተነፍሰው። የኅዳርና የታኅሣሥን ጠዋት ብርድ ጨምሩበት። የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ትንሽ የተበላ፣ ቆላ ቢሆን ማንም የማያውቅበት ሞተር፣ እዚህ ጠዋት ጠዋት አንድ ሲሊንደሩን ይጥላል። ሲሞቅ ያነሳዋል። ያ ገና በሽታ ላይሆን ይችላል። እርጅና ነው።

እንግዲህ ሚስ የሚያደርግ ትራክተር ፊት ስትቆሙ ቁልፍ አታንሱ። ስሙት።

ባለ ሦስቱ ሞተር በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞራል እንበል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚመታው። በሴኮንድ 15 ምት ይሆናል። አንዱ ሲሞት አሥር ይቀራል፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ምት በኋላ አንድ ባዶ ቦታ ይገባል። ዱግ-ዱግ፣ ባዶ፣ ዱግ-ዱግ፣ ባዶ። ከበሮ መቺው በየዙሩ ያቺኑ አንዷን ምት ሲዘል ማለት ነው። ሁልጊዜ ያቺኑ። ይህ አንድ ዓይነት ሚስ ነው።

ሌላው ሥርዓት የለውም። ሦስት ይመታል፣ ሁለት ይዘላል፣ አራት ይመታል፣ ይነፋና መልሶ ይወርዳል። ሰካራም ከበሮ መቺ ነው።

የኔ ንግግር ጠቅላላ ፍሬው እዚህ ላይ ነው። ሥርዓት ያለው ሚስ አንድ ሲሊንደር ላይ ያለ ችግር ነው። ሥርዓት የሌለው ግን ለሁሉም ከሚመጣው ከናፍጣው ወይም ከአየሩ ነው። ይህን ሳይለዩ መፍታት፣ ሆዴን ያለ ሰው ጥርሱን እንደ መንቀል ነው።

ከሥርዓተኛው እንጀምር። ከሦስቱ የትኛው ነው የሞተው?

ሞተሩ አድሮ ቀዝቃዛ ከሆነ አንድ የሚያምር ዘዴ አለ። አስነሱትና አንድ ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ተዉት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሲሊንደር ጭሱ በሚወጣበት ብረት ላይ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) አጠገብ፣ ውሃ ጠብ አድርጉ። እናቶቻችን ምጣዱ መስማቱን እንደሚያዩት። በሚሠራው ላይ ውሃው ጭስስ ብሎ ይደርቃል። በሞተው ላይ ቁጭ ይላል። ብዙ ካቆያችሁት ግን ሙቀቱ ከጎረቤት ስለሚደርሰው ሁሉም ይግላል፣ ዘዴውም አይሠራም።

ሁለተኛው ፈተና የማያሳስት ነው። ጊዜ ወስጄ ልንገራችሁ፤ በደንብ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ቱቦው ኖዝሉ ላይ የሚታሰርበትን ዳዶና ዙሪያውን በብሩሽና በንጹሕ ናፍጣ እጠቡ። ይህን አትዝለሉ። የጤፍ ገለባ ወይም የአሸዋ ቅንጣት ከገባ አንድ በሽታ ስትፈልጉ ሁለተኛ ትጨምራላችሁ። ከዚያ ትክክለኛውን ቁልፍ ያዙ። አሮጌው እንግሊዛዊ በኢንች ነው የተሠራው። «17 ይይዘዋል» ብላችሁ የሚሊ ሜትር ቁልፍ ካስገባችሁ ዳዶውን ታኝኩታላችሁ። የታኘከ ዳዶ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ በመዶሻ ነው የሚፈታው።

ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ። በዳዶው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጉ። ቁልፉን አስገቡበትና በቀስታ ፍቱት፤ ከግማሽ ዙር አይበልጥ። ዳዶው ሲላቀቅ በቁልፉ እጀታ በኩል ትንሽ ትንሽ መታ መታ ሲያደርጋችሁ ይሰማችኋል። ናፍጣው ከኖዝሉ ይልቅ ወደ ውጭ መትፋት ጀመረ ማለት ነው። አሁን እጃችሁን አቁሙና ጆሯችሁን ስጡ። ድምፁ ወርዶ ሞተሩ ከተንገዳገደ፣ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር። መልሳችሁ እሰሩት፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ፈትታችሁት ምንም ካልተለወጠ ግን፣ ሞተሩ እንደ ድሮው ዱግ-ዱግ፣ ባዶ ካለ፣ የሞተውን አገኛችሁት። ሙት ቢያስሩት ቢፈቱት አይገደውም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። የትራክተራችሁ የኋላ ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1 ባር ብዙም አይርቅም። ኖዝል ለመክፈት የሚያስፈልገው ደግሞ በነዚህ ሞተሮች ላይ በአብዛኛው ከ170 ባር በላይ ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ሚኒሞ ላይ ብቻ ፍቱ፣ ጨርቅ ይኑር፣ ፊታችሁን አታስጠጉ። የት እንደሚያፈስ በጣታችሁ አትፈልጉ፤ ካርቶን ያዙበት። ናፍጣ እጁ ውስጥ የገባበት ሰው መጀመሪያ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር ነው የሚያየው፣ ላያመውም ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ግን እጁ ያብጣል፤ ጣት እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። «ነገ አየዋለሁ» የሚባል ነገር አይደለም። ያኔውኑ ሆስፒታል ነው፣ ለሐኪሙም ናፍጣ በግፊት እንደገባ መናገር ነው።

የሞተው ሲሊንደር ታውቋል እንበል፤ ሁለተኛው ነው። አሁንም ገንዘብ አናወጣም። የሁለተኛውን ኖዝል ከአንደኛው ጋር አቀያይሩት። ችግሩ ከኖዝሉ ጋር ወደ አንደኛው ከተዛወረ፣ ጥፋተኛው ኖዝሉ ነው። ለብቻው ወስዳችሁ በኖዝል መፈተሻው ላይ ሲረጭ እዩት። ደህናው እንደ ጉም ይበተናል፣ ሲያቆምም ጥርት ብሎ ያቆማል፤ የታመመው እንደ ሕፃን አፍንጫ ይንጠባጠባል። አንድ ኖዝል ማስጠገንና ፖምፓ ማሠራት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ስታቀያይሩ ከሥር ያለችውን የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) አስቡ። አዲስ አድርጉ። ሳላነሳው የማላልፈው ነገር ደግሞ አለ፦ አሮጌዋ ሮንዴላ ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች። ሰው ሳያያት አዲስ ይጨምርባታል። ኖዝሉ ከቦታው ከፍ ይላል፣ ጭመቃው ያመልጣል፣ አዲስ ኖዝል የተገዛለት ሲሊንደር መልሶ ይሞታል። ከዚያስ ምን ይባላል? «ፖምፓው ነው።» ባትሪ አብርታችሁ ጉድጓዱን እዩ።

ኖዝሉ ቢቀያየርም ችግሩ ሁለተኛው ላይ ከቀረስ? አሁን ወደ አየሩ ጭመቃ እንሄዳለን። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት። በ3.152 ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ጠቦ ቫልቩ በደንብ የማይዘጋ ከሆነ ጭመቃ ያመልጣል፣ ሲቆይ ቫልቩ ይቃጠላል። ከዚያ የሞተር ማጥፊያውን ጎትታችሁ፣ ናፍጣ ሳይሰጥ፣ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ብቻ አዙሩ። ጤነኛ ሞተር እኩል እኩል ያቃስታል፦ እህ፣ እህ፣ እህ። ጭመቃ ያጣ ሲሊንደር ካለ በእሱ ተራ ላይ ሞተሪኖው ሸክሙ ቀሎት ቶሎ ያልፋል። እህ፣ እህ፣ ሽው። ይህን ያስተማሩኝ ንባብ የማይችሉ አንድ አሮጌ መካኒክ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ መለኪያ ይዤ ስዞር አይተው ሳቁብኝ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከደከሙ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ራዲያተሩን ከፍታችሁ የሚፈላ የሚመስል አረፋ ፈልጉ። ሞተሩ ሳይግል ነው የምትከፍቱት እንጂ ግሎማ ፊታችሁን ይቀቅለዋል።

አሁን «ፖምፓውስ?» ትሉኛላችሁ። በብዙዎቹ ማሲዎች ላይ ያለው ካቭ የሚባለው ክብ ፖምፓ ነው። ውስጡ አንድ ጥንድ መግፊያ ብቻ ነው ያለው። ያው አንዱ ጥንድ ነው በየተራ ለሦስቱም ሲሊንደር የሚያከፋፍለው። እንደ ድግስ ቤት አስተናጋጅ፣ አንድ ሰው ለሁሉም ይቀዳል። አስተናጋጁ ከታመመ ሁሉም እንግዳ ነው የሚጠማው። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር ብቻ የሞተበት ሞተር ላይ ካቭ ፖምፓን ቀድሞ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ቤላሩስ ትራክተር ላይ ነገሩ ይለያል። የእሱ ፖምፓ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ መግፊያ አለው፤ አንዱ ለብቻው ሊደክም ይችላል። የምትጠግኑትን ማሽን እወቁ ማለቴ ነው።

ሰካራሙ ከበሮ መቺ ጋ እንምጣ። እዚህ ጥርጣሬው ሦስት ነው፦ አየር፣ ውሃ፣ የተዘጋ መንገድ።

ብዙ ሰው የሚስተው አየሩን ነው። «ናፍጣ አያፈስም፣ ስለዚህ አየር አይገባም» ይላሉ። ተቃራኒው ነው። ከታንኩ እስከ ትንሿ መሳቢያ ፖምፓ ድረስ ናፍጣው የሚሄደው ተስቦ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያለ ስንጥቅ ወደ ውጭ ላያፈስ ይችላል፤ ወደ ውስጥ ግን አየር ይጠባል። ልጅ በተቀደደ ገለባ ሚሪንዳ ሲጠጣ አይታችኋል? ጠርሙሱ አይፈስም። የሚመጣለት ግን አየር ነው። እንዲህ ሲሆን ታንኩ አጠገብ ያለውን አሮጌ ጎማ አውጥታችሁ ለጊዜው በሚያሳይ ፕላስቲክ ቱቦ ቀይሩት። አረፋ ሲሮጥ ካያችሁ ምንጩ ከዚያ ወደ ኋላ ነው። ካላያችሁ ወደ ፊት። በትንሿ ፖምፓ ላይ ያለችው የመስታወት ጽዋም ጎማዋ ሲደርቅ አየር ታስገባለች።

ውሃው ከጀሪካን ነው የሚመጣው። ናፍጣ በጀሪካን ገዝተን ዝናብ ላይ እናቆመዋለን። ግማሽ ታንክ ይዞ የሚያድር ትራክተርም ሌሊት ውስጡን ያልበዋል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ጽዋው ሥር ይተኛል። ጠዋት ጠዋት ጽዋውን እዩት። ሥሩ ላይ የምትንከባለል ነጭ ዶቃ ካለች ውሃ ናት። ማታ ታንክ ሞልቶ ማሳደር ብዙ ያድናል፤ ሌባ ከሌለ።

የተዘጋ መንገድ የምለው ፊልትሮውን፣ የታንክ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ቀዳዳና የኔን ፌስታል ነው። ሞተሩ ሲደክም የታንኩን ክዳን ፍቱት። እፍ ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ከተሻለው፣ የክዳኑ ቀዳዳ ተዘግቷል። በመርፌ ክፈቷት። በዓለም ላይ የመጨረሻው ርካሽ ጥገና ይህ ነው።

ስለ ጭስ ባጭሩ። ጥቁር ጭስ አየር አነሰው ወይም ናፍጣ በዛበት ማለት ነው፤ የጤፍ ውቂያ ሰሞን መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ዘይት እዩ፣ ገለባና አቧራ ጠጥቶ ገንፎ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሰማያዊ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ነጭ ሆኖ ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ፣ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው። የሞተ ሲሊንደር ምልክቱ ይህ ነው።

የሞተ ሲሊንደር ይዛችሁ «ይጎትታል እኮ» እያላችሁ እርሻ አትግቡ። ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ዘይቱ ከፍ ካለና ናፍጣ ከሸተተ፣ ወይ በዚህ ነው፣ ወይ የትንሿ ፖምፓ ጎማ ተቀዷል። በቀጠነ ዘይት የሚሠራ ሞተር ኩሽኔታውን ይበላል። ያኔ የፖምፓ ዋጋ ይናፍቃችኋል።

ከተጠየቅኩት ውስጥ ሦስቱን ላስፍር።

አንዲት እናት ሹፌራቸው ጠዋት ጠዋት ከአየር ማስገቢያው ላይ ስፕሬይ እየነፋ እንደሚያስነሳ ነገሩኝና ይጎዳው እንደሆነ ጠየቁ። እትዬ፣ ይጎዳዋል። ስፕሬዩ ጊዜውን ሳይጠብቅ ነው የሚፈነዳው፣ ፋሻም ፒስተንም ይሰብራል። ፐርኪንሱ ላይ ቴርሞስታርት የሚባል ማሞቂያ አለው። አየር መግቢያው ላይ ትንሽ ናፍጣ አቃጥሎ አየሩን ያሞቃል። ቁልፉን ወደ ማሞቂያው አዙሮ ሃያ ሴኮንድ ያህል መታገሥ ነው። ያየኋቸው ብዙዎቹ ላይ ግን የማሞቂያው ሽቦ ተቆርጧል። መጀመሪያ ሽቦውን ያስቀጥሉ። ማሞቂያው እየሠራ ስፕሬይ ከተነፋ ደግሞ እዚያው ይቀጣጠላል፣ የሹፌሩ ቅንድብ ይሄዳል።

አንድ ወጣት ሹፌር ፊልትሮ ከቀየረ በኋላ ትራክተሩ አልነሳ እንዳለው ነገረን። አየር ነው። ከፊልትሮው ብሎን ጀምር። በትንሿ ፖምፓ የእጅ ማንሻ እየገፋህ አረፋው እስኪያልቅ ናፍጣ ይፍሰስ፣ እሰር። ከዚያ ዋናው ፖምፓ ላይ ያሉትን የአየር ማስወጫ ብሎኖች እንዲሁ። መጨረሻ ላይ የኖዝሎቹን ዳዶ ላላ አድርገህ በሞተሪኖ አዙር፣ ናፍጣ ሲመጣ እሰር። ማንሻው ቀልሎህ ምንም ካልገፋ ተሰብሯል አትበል። ሞተሩ ውስጥ ያለው የሚገፋው ካም (ጉብታ ያለው ዘንግ) ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው። ሞተሩን በትንሹ አዙረውና እንደገና ሞክር።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ቆመው ከነበሩ አንድ አባት ነው። «እንግዲህ ፖምፓው መቼ ነው የሚታመመው? ወይስ አይታመምም?»

ይታመማል አባቴ። ታንኩ ንጹሕ ሆኖ፣ ፊልትሮው አዲስ ሆኖ፣ አየር ወጥቶ፣ ወደ ፖምፓው የሚገባው ናፍጣ በደንብ እየመጣ፣ ኖዝሎቹ ተፈትሸው፣ ጭመቃው ጥሩ ሆኖ፣ ሦስቱም ሲሊንደሮች አንድ ላይ ከደከሙ፣ ወይም ሲሞቅ ጠፍቶ እስኪበርድ አልነሳ ካለ፣ ያኔ ፖምፓውን ያውርዱት። ሲያወርዱ ፖምፓው ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ከንፈር ላይ፣ ሁለቱም ብረት ላይ የተጫረች አንዲት ቀጭን መስመር አለች። በጨርቅ ጠርገው ይፈልጓት። ከሌለች በራስዎ ብረት ይጫሯት። ሲመለስ ሁለቱ መስመሮች ፊት ለፊት ካልገጠሙ ናፍጣው ያለ ጊዜው ይረጫል። የተፈቱትንም ቱቦዎች አፋቸውን በንጹሕ ነገር ይሸፍኗቸው። ፌስታል ይሆናል። በክር አጥብቀው ይሰሩት እንጂ።